መርዝ የጠጣ ሰው በር ላይ ሲደርስ፦ ለጀማሪ ባለሙያ ዝርዝር መመሪያ

ባጃጁ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ገና ሳይቆም ወንድምየው ዘሎ ይወርድና «ማርከሻ አላችሁ?» ይላል። በጎንደርም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አዲስ የተመደበ ነርስ ወይም ጤና መኮንንም ልቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ነው። ደጋግመን ከምናያቸው መርዞች ግን ብዙዎቹ ማርከሻ የላቸውም፤ ማርከሻ ያላቸውም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ እኛ ጋ አይገኝም። ሰዎቹ ግን ይድናሉ። የሚድኑትም መርዙ ከሰውነታቸው እስኪወጣ ድረስ ትንፋሻቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው ሲያገኙ ነው።

የጻፍኩት አልጋ ዳር ቆሞ ለሚወስን ሰው ነው። ጤና መኮንን የሚባለው ሙያ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት እዚሁ ከተማ የተጀመረ ነው፤ ሐሳቡም ሐኪም በሌለበት ወረዳ ብቻውን መወሰን የሚችል ባለሙያ ማፍራት ነበር። ዛሬም ከደንቢያ ወይም ከአርማጭሆ ሌሊት የመጣን ታካሚ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው። ቤተሰብም ቢያነበው አይከፋም። የመድኃኒት መጠኖቹ ግን ለባለሙያ ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከሩ አይደሉም።

1. ከመንካታችሁ በፊት ጓንትና መስኮት

ጓንት አድርጉ፣ መስኮትና በር ክፈቱ። የፀረ-ተባይ መርዝ በቆዳ ይገባል፤ አንዳንዱ መርዝ ደግሞ ከታካሚው ትውኪያ ላይ በጋዝ መልክ ይወጣል። ታካሚው ከላይ እስከ ታች ልብሱን ያውልቅ። ከዚያ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ፀጉሩን፣ ከጆሮው ኋላ፣ እምብርቱን፣ ጥፍሩን ሁሉ። ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ቋጥሩ። የቆዳ ጫማና የቆዳ ቀበቶ ታጥቦ አይጠራም፤ መርዙን መጥጦ ያስቀረዋልና ይጣል።

ይህን ክፍል አስቀድሜ የጻፍኩት በራሴ ስህተት ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሽምብራ ሲረጭ የዋለ ገበሬ መጣ። የጀርባ መርጫው ሲያፈስበት ውሎ ነበር። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላለች። የፀረ-ተባይ ማርከሻ የሆነውን አትሮፒን ሰጠን፣ ገላውን አጠብን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደረቱ ጠራ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ጠጣሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደ አዲስ ረጥቦ አገኘነው። አትሮፒኑ አንሶታል ብዬ እጥፍ አድርጌ ሰጠሁ፤ ተሻለው፣ ተመልሶ ባሰበት። በመጨረሻ ተረኛዋ ሲስተር ጋቢውን ገልጣ አሸተተችና ዝም ብላ አቀበለችኝ። ሚስቱ ብርድ እንዳይመታው ብላ ያለበሰችው ጋቢ፣ ሲረጭ የመርጫው ማንገቻ ትከሻውን እንዳይቆርጠው አጣጥፎ ከስሩ ያደረገው ጋቢ ኖሯል። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስናክመው ጋቢው ሌሊቱን ሙሉ ሲመርዘው አድሯል። ከዚያ ወዲህ የታካሚ ጋቢ ሳላሸት አላልፍም።

2. ትንፋሽ፣ ደም ዝውውር፣ ስኳር

ታካሚውን በግራ ጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ያለውን ምራቅና ትውኪያ በሰክሽን ምጠጡ፤ ሰክሽን ከሌለ በጨርቅ ጥረጉ። ኦክስጅን አድርጉ፤ የማይተነፍስ ከሆነ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚነፋው ከረጢት) ንፉ። የደም ስር መስመር ክፈቱ፣ የደም ግፊቱን ለኩ።

ቀጥሎ የደም ስኳር። ራሱን የሳተ ሁሉ መርዝ የጠጣ አይደለም፤ መርዝ የጠጣም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። መለኪያ ከሌለ ለአዋቂ 40% ግሉኮስ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር በደም ስር ስጡ። ባዶ ሆዱን ሲጠጣ የከረመ ሰው ከሆነ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ጨምሩ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዳያዜፓም በቀስታ በደም ስር ይሰጠዋል፤ ለአዋቂ 10 ሚ.ግ.፣ ትንፋሹን እያያችሁ።

እስካሁን መርዙ ምን እንደሆነ አላወቃችሁም። ማወቅም አላስፈለጋችሁም።

3. ጠርሙሱና ጥያቄው

አንዱ ታካሚውን ሲይዝ ሌላው ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገር። ምን ወሰደ? ምን ያህል? ከስንት ሰዓት በፊት? በአፍ ነው፣ በቆዳ ወይስ በትንፋሽ? ከዚያ በኋላ ምን ሰጣችሁት? የመጨረሻው ጥያቄ ይረሳል፤ ወተት፣ ዘይት፣ የሳሙና ውሃ፣ ጥሬ እንቁላል ግን ሳይቀምስ የሚመጣ ታካሚ ጥቂት ነው።

ጠርሙሱን አምጡ በሏቸው። ችግሩ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው፤ ፀረ-ተባዩ ከትልቁ ዕቃ በሃይላንድ እየተቀዳ ገበያ ላይ ስለሚሸጥ ወረቀት የለውም። ቤተሰቡ ስሙን ሲጠየቅ «የተባይ መድኃኒት» ይላል፤ በዚህ ስም ደግሞ አሥር ዓይነት ነገር ይጠራል። ቢሆንም ሃይላንዱን ተቀበሉ። ቀለሙ፣ ሽታው፣ ውሃ ሲነካው ወተት መምሰሉ ሁሉ ፍንጭ ነው። እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ከሆነ በልባችሁ ያዙት፤ ፀረ-ተባይ ወይም የነቀዝ ክኒን ሊሆን ይችላል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ውሃ መስሎት ነው» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ ሐፍረት አለ፣ ፖሊስ ይመጣል የሚል ፍርሃት አለ። አባትና እናት ባሉበት «ለምን ጠጣሽ?» ብሎ መጠየቅ መልስ አያመጣም። ታካሚዋ ስትነቃ ሰው አስወጥታችሁ ዝግ ባለ ድምፅ ጠይቁ፤ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነም በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም። መገሠጹ ግን መረጃውን ይዘጋዋል፤ የጠጣችውን መጠን ደብቃ ሕክምናችሁን ታሳስታችኋለች።

4. የታካሚውን ገላ አንብቡ

ቤተሰብ ቢሳሳት፣ ጠርሙሱ ቢጠፋ፣ ገላ ይናገራል። አራት ቦታ ተመልከቱ፦ ዓይኑን፣ ብብቱን፣ ደረቱንና ሆዱን።

ብሌኑ ጠቦ፣ ሁለመናው ከረጠበ፣ ማለትም ከዓይኑ እንባ፣ ከአፉ ምራቅ፣ ከደረቱ አክታ፣ ከታች ሽንትና ተቅማጥ ከመጣ፣ ፀረ-ተባይ ነው፤ ኦርጋኖፎስፌት ወይም ካርባሜት። ጡንቻው ከቆዳው ስር እንደ ትል ሲርገበገብ ካያችሁ ጥርጣሬም አይቀራችሁ።

ብሌኑ ሰፍቶ፣ ገላው እንደ እሳት ነዶ፣ ብብቱ ደርቆ፣ የሌለ ሰው እያነጋገረ አየር ላይ የሚለቅም ከሆነ አስተናግርን አስቡ። በየአጥሩና በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅለው ቅጠል ነው፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ሰውን የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። ብሌኑ ሰፍቶ ብብቱ ግን በላብ ከራሰ ሌላ ነገር ነው፤ አነቃቂ ዕፅ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው ብብት ነው፤ እጃችሁን አስገቡ።

ብሌኑ ጠቦ፣ ገላው ደረቅ ሆኖ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ስድስት ሰባት ከሆነ ኦፒዮይድ የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፦ ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል። ማርከሻው ናሎክሶን ካላችሁ 0.4 ሚ.ግ. በደም ስር ስጡና ትንፋሹን ጠብቁ። የምትፈልጉት እንዲተነፍስ ነው፤ ተነስቶ እንዲቀመጥ አይደለም። ናሎክሶን ከጠጣው መድኃኒት ቀድሞ ስለሚያልቅ «ነቃ» ብላችሁ አትሸኙት። ትራማዶል ደግሞ ያንቀጠቅጣል፤ ዳያዜፓሙ አጠገባችሁ ይሁን።

5. ከሆድ ማውጣት፦ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው

ጣት ጉሮሮ ውስጥ አስገብቶ ማስመለስ አይደረግም። በረኪና፣ የባትሪ አሲድ ወይም የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የጠጣ ሰው ቢያስመልስ የተቃጠለው ጉሮሮ ሁለተኛ ይቃጠላል። ላምባ የጠጣ ልጅ ቢያስመልስ ላምባው ወደ ሳምባው ይገባል፤ ልጁን የሚጎዳው ደግሞ ሳምባው ውስጥ የገባው ላምባ ነው። ራሱን ወደ መሳት የሚሄድ ሰው ደግሞ በራሱ ትውኪያ ይታፈናል።

ወተትስ? ማርከሻ አይደለም። በረኪና የቀመሰ፣ የነቃና መዋጥ የሚችል ልጅ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ወይም ወተት ቢጠጣ አይጎዳውም፤ በሊትር መጋት ግን ማስመለስ ነው። እናትየዋ ሰጥታ ከመጣች ግን አትቆጧት። ያደረገችው ከእናቷ የተማረችውን ነው።

አክቲቬትድ ቻርኮል (ሆድ ውስጥ መርዝ የሚይዝ፣ ለሕክምና የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት) ካላችሁ፣ ታካሚው ከነቃ፣ መርዙን ከወሰደ አንድ ሰዓት ካልሞላው ለአዋቂ 50 ግራም፣ ለልጅ በኪሎ 1 ግራም በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ። ይህ ከምድጃ ላይ የሚነሳው ከሰል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ቤተሰብ ከሰል ወቅጦ በጀበና ውሃ በጥብጦ አምጥቶልኛል። ቻርኮል አልኮልን፣ አይረንን፣ አሲድንና በረኪናን አይዝም፤ ለላምባም አይሰጥም።

የሆድ ዕቃ እጥበት ለብዙዎቻችን እንደ ሥርዓት የሚፈጸም ነገር ሆኗል። ቱቦ ካልገባ ሕክምና የተደረገ የማይመስለው ቤተሰብም አለ። የሚጠቅመው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመጣ፣ የትንፋሽ መንገዱ ለተጠበቀ ሰው ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ያለፈውን ሰው ቱቦ ከማስገባት አትሮፒኑን ቶሎ መጀመር ይሻላል። ለአሲድ፣ ለበረኪናና ለላምባ ጭራሽ ቱቦ አይገባም።

6. ፀረ-ተባይ፦ አትሮፒን እንዴት ይሰጣል?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ አገራችን የእርሻ አገር ነውና ደጋግማችሁ የምታገኙት ይህንኑ ነው።

ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ትእዛዝ የሚልከው አሴታይልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ኬሚካሉን ጠርጎ የሚያነሳ ኢንዛይም አለ። ኦርጋኖፎስፌት ጠራጊውን ያስረዋል፤ ትእዛዙ ሳይቆም ይቀራል። ዕጢዎች ያለማቋረጥ ያመነጫሉ፣ ልብ ይዘገያል፣ ሳምባ በራሱ ፈሳሽ ይሞላል። አትሮፒን የታሰረውን አይፈታም፤ ትእዛዙ የሚደርስበትን በር ይዘጋል እንጂ። ስለዚህ የሚያደርቀው ዕጢውን ነው፤ ለጡንቻው ድካም ምንም አይሠራም። ይህንን ልዩነት ከያዛችሁ ቀሪው ቀላል ነው።

ለአዋቂ 2 ሚ.ግ. በደም ስር ስጡ። አምፑላችሁ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ አንብቡ፤ መጠኑ ይለያያል። አምስት ደቂቃ ጠብቁና ደረቱን በስቴቶስኮፕ ስሙ። አሁንም የሚያንቦጨቡጭ ከሆነ 4 ስጡ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 8። ከዚያ 16። በአራት ዙር 30 ሚ.ግ. ሄደ ማለት ነው፤ ጀማሪ እጁ የሚንቀጠቀጠውም እዚህ ላይ ነው። ለልጅ መነሻው በኪሎ 0.05 ሚ.ግ. ነው፤ እሱም በዚሁ መንገድ በእጥፍ ይጨምራል።

የምታቆሙት መቼ ነው? ደረቱ ሲጠራ፣ ልቡ በደቂቃ ከ80 በላይ ሲመታ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ80 ሲያልፍ፣ ብብቱ ሲደርቅ። የብሌን መስፋትን አትጠብቁ፤ ብሌን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ልቡ ቀድሞውንም በፍጥነት የሚመታ ከሆነ ብላችሁም አትሮፒን አትከልክሉ። ከደረቀ በኋላ እስከዚያ የወሰደውን ጠቅላላ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ በየሰዓቱ በግሉኮስ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በጠብታ ቀጥሉ።

ሲበዛበትስ? ገላው ይነዳል፣ ይቃዣል፣ ሆዱ ድምፅ ያጣል፣ ሽንቱ ይቆማል። አስተናግር የበላ ሰው ይመስላል፤ አትሮፒንም የዚያው የአስተናግር ቤተሰብ ዕፅዋት ፍሬ ነገር ስለሆነ አይገርምም። ጠብታውን ለ30 ደቂቃ ያህል አቁሙና መጠኑን ቀንሳችሁ ቀጥሉ።

ፕራሊዶክሲም የታሰረውን ኢንዛይም ሊፈታ የሚችል መድኃኒት ነው፤ ለአዋቂ በኪሎ 30 ሚ.ግ. ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ በቀስታ። ሰዓታት ካለፉ እስራቱ ስለሚጠብቅ ብዙም አይረዳም፤ ጥቅሙ ላይ የተደረጉት ጥናቶችም እርስ በርስ አይስማሙም። ካላችሁ ከአትሮፒን በኋላ ስጡ፤ ከሌላችሁ እሱን ፍለጋ ታካሚውን አታንከራቱ።

አሁን አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ታካሚው በሁለተኛው ቀን ደርቋል፣ ይበላል፣ ቤተሰቡ «እንሂድ» እያለ ነው። ትራሱን አውጡና «ራስህን ቀና አድርግ» በሉት። አንገቱን ከፍራሹ ማንሳት ካቃተው አይሄድም። ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ የአንገት፣ ቀጥሎም የመተንፈሻ ጡንቻዎች የሚደክሙበት ሁኔታ አለ፤ ሳምባው ደረቅ ሆኖ ሳለ ትንፋሹ ይቆማል። አትሮፒን ለዚህ አይሠራም፤ የሚያስፈልገው የመተንፈሻ ማሽን ነው። ይህን የአንገት ምርመራ በየስድስት ሰዓቱ አድርጉ፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

7. ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ

የከሰል ጭስ። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ብርዱም የጥር ነው፤ ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ምድጃ አስገብቶ ያድራል። ጠዋት ሁሉም ራሱን ያመዋል፣ አንዱ ያስመልሳል፣ አንዷ አትነቃም። አንድ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ራሱን ካመመው ምግብ መርዟቸው ነው ከማለታችሁ በፊት ከሰል ጠይቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። ጣት ላይ የምታደርጉት የኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን አይለይምና 98 ቢላችሁ አትመኑት። ማርከሻው ኦክስጅን ነው፤ ከረጢት ባለው ማስክ፣ በሙሉ ኃይል። በተራ አየር የጭሱ ግማሽ ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ ባነሰ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች እሷ ደህና ነኝ ብትልም ኦክስጅኑን ቶሎ አትንቀሉ፤ ከፅንሱ የሚወጣው ዘግይቶ ነው።

የተበላሸ መጠጥ። ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ የጠጣ ሰው የመጀመሪያው ሌሊት ሰክሮ ያድራል፣ ያ ብቻ ይመስላል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ «ዓይኔ ጉም ለበሰ» ይላል። ጉበት ሜታኖሉን ወደ ፎርሚክ አሲድ ቀይሮት ነው፤ የዓይን ነርቭን የሚያጠፋው አሲዱ ነው። ማርከሻው ፎሜፒዞል፣ እሱ ከሌለ ራሱ ኤታኖል ነው፤ ጉበት ኤታኖልን ስለሚያስቀድም ሜታኖሉ ሳይቀየር ይወጣል። የታሸገና ምንጩ የታወቀ 40% መጠጥ በኪሎ 1.8 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በውሃ ቀጥናችሁ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ፤ ቀጥሎ በየሰዓቱ በኪሎ 0.2 ሚሊ ሊትር፣ ለለመደ ጠጪ ከእጥፍ ትንሽ ከፍ ብሎ። ስኳሩን በየሰዓቱ ለኩ። ቄስ አባቱ አጠገቡ ቆመው እያዩ ለታካሚ ውስኪ መስጠት እንግዳ ነገር ነው፤ አስቀድማችሁ አስረዷቸው። ከዚያ ኩላሊት እጥበት ወዳለበት ላኩት። አብረውት የጠጡትንም አስፈልጉ፤ ቤታቸው ተኝተው ይሆናል።

እባብ። ከመተማና ከሑመራ ቆላ፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ቀን ሠራተኞቹ ግን ዛሬም የሚመጡት እግራቸው በገመድ ታስሮና በምላጭ ተተልትሎ ነው። ገመዱን ወዲያው አትበጥሱ፤ መስመር ከተከፈተ በኋላ ቀስ ብላችሁ ፍቱ። ቀለበትና የቁርጭምጭሚት ጌጥ አውልቁ፣ እግሩን በእንጨት ደግፋችሁ አታንቀሳቅሱት። ቁስሉ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ድንጋይ መርዝ አይመጥም።

ቀጥሎ የብልቃጥ ምርመራ፦ 2 ሚሊ ሊትር ደም ንጹሕና ደረቅ በሆነ የመስታወት ብልቃጥ ቅዱ፣ ሳትነካኩት 20 ደቂቃ አቁሙት፣ ከዚያ አዘንብሉት። ካልረጋ የእባቡ መርዝ የደም መርጊያውን በልቶታል፤ ፀረ-መርዝ ያስፈልገዋል። ብልቃጡ በሳሙና ታጥቦ የነበረ ከሆነ ያሳስታል። የዐይኑ ቆብ ከወደቀና ድምፁ ከተጎተተ ደግሞ መርዙ የነርቭ ነው፤ አምቡ ባጉን አቅርቡ። ፀረ-መርዙ ለአፍሪካ እባቦች የተሠራ መሆኑን ሳጥኑ ላይ አንብቡ፤ በሌላ አህጉር እባብ የተሠራው አይረዳም። በደም ስር ይሰጣል፤ ልጅም እንደ አዋቂ ያህል ይወስዳል፣ እባቡ ለልጅ ብሎ መርዙን አልቀነሰምና። ፀረ-መርዙ አለርጂ ቢያስነሳበት አድሬናሊን 0.5 ሚ.ግ. በሲሪንጅ ተቀድቶ አጠገባችሁ ይሁን። ለልጅ ግን አድሬናሊኑ በክብደቱ ይቀንሳል።

ክኒኖች። ፓራሲታሞል አታላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ታካሚው ምንም አይመስልም፣ ጉበቱ የሚጎዳው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። አሴታይልሲስቴይን በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱን ያድነዋል፦ በኪሎ 150 ሚ.ግ. በ1 ሰዓት፣ 50 በ4 ሰዓት፣ 100 በ16 ሰዓት። «ምንም አልሆንኩም» ያለውን አትመልሱት። የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድ የዋጠ ሰው መንቀጥቀጡ በዳያዜፓም ብቻ አይቆምም፤ ማርከሻው ፒሪዶክሲን ነው፣ በዋጠው ግራም ልክ፣ ካልታወቀ 5 ግራም። መርፌው ከሌላችሁ ክኒኑ ቲቢ ክፍል አለ፤ ፈጭታችሁ በቱቦ ስጡ። የነፍሰ ጡር እናት የአይረን ክኒን ለሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል፤ ደም ካስመለሰ ማርከሻው ዲፈሮክሳሚን ወዳለበት ፈጥናችሁ ላኩ። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን የልብ ምቱን ሲያዛባ ሶዲየም ባይካርቦኔት፤ ደም የሚያቀጥን የአይጥ መርዝ ከሆነ ቫይታሚን ኬ።

የነቀዝ ክኒን። እህል ውስጥ የሚገባው ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። የታከመ ጆንያ ባለበት ክፍል ልጆች አስተኝተው የተመረዙ ቤተሰቦች አሉ። ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ። ንጹሕ አየር፣ ኦክስጅን፣ ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን፣ ግፊት የሚደግፍ መድኃኒት፣ ሳይዘገይ ሪፈር። የታካሚው ትውኪያ ክፍሉ ውስጥ አይቆይ።

አስተናግርን ጨለም ባለ ጸጥተኛ ክፍል፣ በዳያዜፓም፣ በእርጥብ ጨርቅና በካቴተር (በሽንት ቱቦ) ትወጡታላችሁ። ኮሶ ለትል ሲጠጣ ልኩን ካለፈ ዓይን ያጠፋል፤ እንዶድም ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም። በደንቢያ በኩል ጓያ ወራት ሙሉ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም፣ ማርከሻም የለውም፣ ነገር ግን «ወንዱ ልጅ ድንገት እግሩ ከዳው» ሲሏችሁ ምን ሲበላ እንደከረመ ጠይቁ።

8. ስትልኩና ስታሰናብቱ

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ፖይዝኒንግ» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። የወሰደበትን ሰዓት፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት በሚሊ ግራምና በሰዓት፣ የመጨረሻውን ግፊትና የደረት ድምፅ ጻፉ። አትሮፒን የጀመራችሁለትን ለመንገዱ የሚበቃ አምፑል አስይዛችሁ፣ መርፌ መስጠት የሚችል ሰው አብሮት ይሂድ። ከመተማ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ በመካከል ላይ ደረቱ ቢረጥብ ሾፌሩ ምንም አያደርግለትም።

ራሷን ለመጉዳት አስባ የጠጣች ከሆነ ያለ ጠባቂ አልጋ ላይ አትተዉ፤ ከመውጣቷ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያናግራት። ቀጠሮ ጽፎ መስጠት አይበቃም፤ ማን ይዟት እንደሚመጣ በስም አረጋግጡ።

ሲወጡ አንድ ነገር ይገጥማችኋል። ለመለያ ያመጡትን ሃይላንድ መልሱልን ይላሉ። «ግማሹ እኮ አለ፤ ሽምብራው ገና አልተረጨም» ብለውኝ ያውቃሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ገንዘብ ወጥቶበታል። እኔ በሃይላንድ አልመልስም። ክዳን ያለው፣ መጠጥ ተይዞበት የማያውቅ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፣ ላዩ ላይ በፓርከር የራስ ቅል እሥላለሁ፣ ቤት ውስጥ ቁልፍ ያለው ሳጥን ማን ጋ እንዳለ እጠይቃለሁ፣ ሃይላንዱን እነሱ እያዩ በስቼ እጥላለሁ።